ቶርኗችንን ሳይጎዱ ላፈጠኑልን የድሬ ጋሼ ምስጋና

ድሬ ዳዋ ላይ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) ያላችሁ፣ በተለይ ያረጀ ቶርኖ ያላችሁ፣ እኚህን ሰው እወቁልኝ።

እኔና ወንድሜ ሳቢያን አካባቢ ትንሽ ጋራዥ አለን። በብዛት የምንሠራው የባጃጅ ፔርኖ (ክብ የብረት ዘንግ) እና ቦኮላ (ፔርኖው የሚገባበት ቀለበት) ነው። ቀጫጭን ዕቃ ደግሞ ፍጥነት ይፈልጋል። ለቢላው ዋናው ነገር ማንድሪኑ (ዕቃውን ነክሶ የሚያዞረው ክፍል) በደቂቃ ስንት ጊዜ መዞሩ አይደለም። ብረቱ በቢላው ጫፍ ላይ በደቂቃ ስንት ሜትር ማለፉ ነው። የእኛ ቶርኖ ጣሪያው 1,200 ዙር ነበር። 22 ሚሊ ሜትር ፔርኖ ላይ ይህ 83 ሜትር ገደማ ይሆናል። ካርባይድ የሚባለው ጠንካራ ቢላ ለስላሳ ብረት ላይ የሚያምርበት ግን ከ100 ሜትር ወዲያ ነው። ከዚያ በታች ብረቱን ይቦጫጭቀዋል። እያንዳንዱን ፔርኖ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት የዘወትር ሥራችን ሆኖ ነበር።

የጠየቅነው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ የሞተሩን ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበትን ክብ) በትልቅ ቀይሩት። እስከ 2,000 ዙር አደርስላችኋለሁ ያለም ነበር። ደግነቱ አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ ከጋሼ ጋር አገናኘን።

ጋሼ ዕድሜያቸውን የፈጁት ከዚራ ሰፈር፣ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ የከተማችን ብረት ሠራተኛ ሙያውን የቀሰመው ከዚያ ግቢ ነው። ጋሼ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፤ እጃቸው ግን ጡረታ አልወጣም።

ፑሌጃውን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። «መጀመሪያ ዘይቱን አውጡልኝ» አሉ። የወጣው የመኪና ካምቢዮ ዘይት ነበር፣ ባለ 90 ቁጥሩ። የድሮው ባለቤት የሞላው ነው። በዚህ ቶርኖ ራስ (ማርሾቹ ያሉበት ሳጥን) ውስጥ ጥርሶቹ ራሳቸው ዘይቱን እየረጩ ነው ኩሽኔታውን የሚያርሱት። ዘይቱ ወፍራም ሲሆን ጥርሶቹ ሲያቡኩት ይውላሉ፤ የሞተሩ ጉልበት ወደ ሙቀት ይሄዳል። ፍጥነት ሲጨመር ደግሞ ይብሳል። በእሱ ፋንታ ባለ 46 ቁጥር የማሽን ዘይት አስገዙን፤ ከድሮው ከሦስት እጥፍ በላይ ይቀጥናል። 32 ለምን አይሆንም ብለን ጠየቅን። የድሬ ሙቀት ላይ 32 በጣም ይቀጥናል፣ ጥርሶቹን አይሸፍንም አሉን። የሞሉትም እስከ ዘይት ማሳያው መስታወት ግማሽ ብቻ ነው። ከልክ በላይ የተሞላ ዘይትም እንደ ወፍራሙ ያሞቃል።

ከዚያ ወደ ኩሽኔታው ሄዱ። ኮምፓራቶር (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካ ባለ መርፌ መለኪያ) ደግነው ዋናውን ዘንግ በእንጨት ወደ ላይ ሲጫኑት መርፌው ዘለለ፤ ኩሽኔታው ላልቷል ማለት ነው። ኩሽኔታው ሾጣጣ ስለሆነ ነቱን በማጥበቅ ክፍተቱን መቀነስ ይቻላል። እሳቸው ግን ቀዝቃዛ እያለ ሙሉ በሙሉ አላጠበቁትም። ዘንጉ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ዛሬ ጥብቅ ያሉት ኩሽኔታ ነገ ፍጥነት ላይ ይነክሳል። ትንሽ አጥብቀው በዝቅተኛው ማርሽ አስነሱት። እጃቸውን የቶርኖው ራስ ላይ አድርገው ጠበቁ። አንድ ማርሽ ጨመሩ፣ ደግሞ ጠበቁ። ሙሉ ጠዋት በዚህ አለቀ። እኔ ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ለዚህች ጠዋት ነው። ሌላው ሰው አስነስቶ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄድ ነበር።

በጎን በኩል ያሉትን ተቀያያሪ ጥርሶችም አዩ። ተጣብቀው ስለተገጠሙ ያፏጩ ነበር። ጋሼ በሁለቱ ጥርሶች መሃል ቀጭን ወረቀት አስገብተው ገጠሟቸው፣ አጠበቁ፣ ከዚያ አዙረው ወረቀቱን አወጡት። የቀረው ክፍተት ትክክለኛው ነው። ፉጨቱ ጠፋ። ቢላውን በራሱ የሚነዳውን አውቶማቲክ በማንጠቀምበት ሰዓት እነዚህን ጥርሶች ነጥለን እንድናስቀምጣቸው አዘዙን፤ በከንቱ እየዞሩ እንዳያልቁ ነው።

ፑሌጃው የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። 100 ሚሊ ሜትር የነበረው 125 ሆነ። ጣሪያው ከ1,200 ወደ 1,500 ወጣ። ወንድሜ 2,000 ካልሆነ ብሎ ተከራከረ። ጋሼ ማንድሪኑ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በጣታቸው አሳዩት፤ 1,600 ይላል። ከ1,200 ወደ 2,000 ብንወጣ መንጋጋዎቹን ወደ ውጭ የሚጎትተው ኃይል ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። መንጋጋው ዕቃውን ይለቃል፤ ብረቱ ሰው ላይ ይበራል። «ይኸን እኔ አልሠራም» ብለው ቆረጡ። የበለጠ ሠርተው የበለጠ ማስከፈል ይችሉ ነበር።

ኢንቨርተርንም (የሞተሩን ፍጥነት በኤሌክትሪክ የሚቀያይር መሣሪያ) አንስተንባቸው ነበር። አይቃወሙም፤ ለስላሳ አነሳሱ ለጥርስ ደግ ነው ይላሉ። ግን ከ50 ኸርዝ በላይ ሲነዳ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ለእኛ ሥራ ደግሞ ፑሌጃው ይበቃል አሉ። በፑሌጃውም ቢሆን የማንድሪኑ ጉልበት በየማርሹ አንድ አምስተኛ ይቀንሳል። ስለዚህ ወፍራም ብረት ሲመጣ አንድ ማርሽ ዝቅ እንላለን። ዝቅተኛው ፍጥነታችንም ከ40 ወደ 50 ስለወጣ ትልቅ ብሎን ላይ ጥርስ ስናወጣ ንቁ መሆን አለብን። ይህንም ሳይደብቁ ነግረውናል።

ቺንጋዎቹን ሁለቱንም ባንድ ላይ አስቀየሩን፤ አዲስና አሮጌ ሲቀላቀል ጭነቱን እኩል አይካፈሉም። አጥብቆ መወጠርንም ከለከሉ፤ የሞተሩን ኩሽኔታ የሚበላው እሱ ነው።

አሁን 22ቱ ፔርኖ ከቢላው አብረቅርቆ ይወጣል። በደቂቃ 104 ሜትር ገደማ ማለት ነው። የቶርኖው ራስ ቀኑን ሙሉ ሠርተን ከ60 ዲግሪ በታች ይረጋል። 60 ከነካ አቁሙና ጥሩኝ ብለዋል። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ሳንጠራቸው መጥተው ዘይቱን አይተው ሄዱ። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ልታሠሩ ካሰባችሁ፦ ጋሼ የሚሠሩት ጠዋት ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በሙቀቱ አይመጡም። ቸኩላችሁ ከሆነ አይሆኑላችሁም። ዕቃውን እናንተ ትገዛላችሁ፣ እሳቸው ቁጥሩን ጽፈው ይሰጣሉ። ዋጋቸው ያደረግነው ሁሉ ሲታይ ተመጣጣኝ ነው። ስልካቸውን እዚህ መለጠፍ አልፈለጉም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስትጽፉ የሞተሩን ሰሌዳ ፎቶ፣ ማንድሪኑ ላይ ያለውን ቁጥርና አሁን ውስጡ ያለውን የዘይት ዓይነት ላኩ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እነሱን ነው።