ከአዲስ አበባ አራት ሰዓት ሳይሞላ፦ ድንኳን የሚተከልበት ጸጥ ያለ ቦታ ፍለጋ

የምኖረው ኖርዌይ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1957 በወጣ ሕግ የጸና የቆየ ልማድ አለ። ማንኛውም ሰው ባልታረሰ መሬት ላይ፣ ሰው ከሚኖርበት ቤት ቢያንስ 150 ሜትር ርቆ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ድንኳን ተክሎ እስከ ሁለት ሌሊት ማደር ይችላል። የአሥራ አራት ዓመት ልጄ ያደገችው በዚህ ነው። ለገና ወደ አገር ቤት ልንመጣ ስንዘጋጅ የጠየቀችኝ ስለ ዘመድም ስለ ምግብም አልነበረም። «አባዬ፣ አንተ ባደግክበት አገር ጫካ ውስጥ የሚታደረው የት ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አዲስ አበባ ተወልጄ ሃያ ስድስት ዓመት ስኖር ከከተማዋ ወጥቼ በድንኳን ያደርኩበት አንድም ሌሊት የለም። ስለዚህ በአራት ሳምንት እረፍታችን ከአራት ሰዓት በላይ የማያስነዳ፣ ጄኔሬተርና ሙዚቃ የማይሰማበት ማደሪያ ስንፈልግ ሰነበትን። በመንገዳችን የተጠቀምንባቸውን አገልግሎቶች እንዳገኘኋቸው እጽፋለሁ፤ ከውጭ ለሚመጣም፣ እዚያው ኖሮ ቅዳሜና እሁድ ከከተማ መውጣት ለሚያምረውም ይጠቅም ይሆናል።

ፍለጋውን የጀመርኩት እንደለመድኩት በስልኬ ካርታ ነበር። ከሰማይ የተነሣውን ፎቶግራፍ እያጎላሁ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ የታየኝ ቦታ ሁሉ ላይ ምልክት አደረግሁ። ሄደን ያየናቸው አራቱ የገበሬ ባሕር ዛፍ ሆነው ተገኙ። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ በሸዋ ደጋ ላይ ከሩቅ ሲያዩት ደን የሚመስለው ብዙው ተቆጥሮ የተተከለ፣ ለቤት ሥራና ለማገዶ የሚጠበቅ የሰው ሀብት ነው። አንደኛው ቦታ ላይ መኪና ካቆምን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁለት እረኞች መጡ፤ ቀጥሎ የዛፉ ባለቤት፣ ከዚያ ጎረቤቱ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረንም። እንዲያውም ቤት ገብታችሁ ቡና ጠጡ ብለው ለመኑን። ልጄ የምትፈልገው ጸጥታ ግን እዚያ አልነበረም። በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ እግር ሲረግጡት ግን እያንዳንዱ ቁራሽ የሚያርሰው፣ ከብት የሚያሰማራበት፣ ሣሩን የሚያጭደው ሰው አለው። እኛ አገር ጸጥ ያለ ቦታ ለማግኘት መጀመሪያ የቦታውን ጠባቂ ማግኘት ያስፈልጋል። ይህን በመጨረሻው ሳምንት ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን ባውቀው ኖሮ ገንዘብም ቀንም ይተርፈኝ ነበር።

ሳላውቀው በፊት ወደ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ሄድኩ። «ሰው የማይደርስበት የሐይቅ ዳርቻ» አሉኝ፤ ፎቶግራፍ አሳዩኝ፤ ቅድሚያ ክፍያውን ከፈልኩ። ስንደርስ በአንድ ሎጅ ግቢ፣ በተከረከመ ሣር ላይ፣ ሰባት ድንኳኖች ተሰልፈው ቆመዋል። ከመኝታችን ሠላሳ እርምጃ ርቆ የተሰቀለው የድምፅ ማጉያ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልዘጋም። በወጣቶቹ አልተቀየምኩም፤ ሊዝናኑ መጥተው ተዝናኑ። የተቀየምኩት ሻጩ አድሮበት የማያውቀውን ቦታ አድሬበታለሁ በሚል ቃና ስለሸጠልኝ ነው። ስመለስ ቢሮው ሄጄ ይህንኑ ነገርኩት፤ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ገንዘቡን ግን አልመለሰም። ከዚያ ወዲህ ማደሪያ አለኝ የሚለኝን ሁሉ አራት ነገር እጠይቃለሁ፦ አንተ ራስህ መቼ አደርክበት? ውኃው ከየት ይቀዳል? ጠባቂው ማን ይባላል፣ ስልኩስ? ሾፌሩ የት ይተኛል? ሁለተኛውን መመለስ ያቃተው ቦታውን አያውቀውም።

በመኪና ኪራይም መጀመሪያ ተታልለናል። ላንድክሩዘር ብለን ተዋውለን ጠዋት በራችን የቆመው ዝቅ ያለ የቤት መኪና ነበር። መለስነው። በኋላ በእህቴ ጎረቤት በኩል ያገኘነው ሾፌር ግን ከጠቅላላው ጉዞ ለአንድ ሰው ብቻ ሽልማት ስጥ ብባል ለመምረጥ ከምቸገርባቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ነው። መኪናው ያረጀ ነው፤ እሱ ግን እያንዳንዱን ብሎን ያውቀዋል። መንገድ ላይ ውኃ ሲያጋጥመው መጀመሪያ ይወርዳል፣ ጫማውን አውልቆ ሱሪውን ይሰበስባል፣ በዱላ ሥሩን እየነካካ ማዶ ይሻገራል፤ ተመልሶ ሞተሩን የሚያስነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ነዳጅ ከከተማ ሳይወጣ ይሞላል። አበሉን፣ የማታ ምግቡንና የሚተኛበትን አስቀድመን በግልጽ ተነጋገርን፤ ይህን ሳያደርጉ የሚወጡ ሰዎች መንገድ ላይ ይጣላሉ። ድንኳን ልሰጠው ብል «ጋሼ፣ እኔ ከመኪናዬ ተለይቼ እንቅልፍ አይወስደኝም» ብሎ የኋላ ወንበር ላይ ጋቢውን ተከናነበ።

ስለ ሁለት ቦታዎች ባጭሩ። የመንዝ ጓሳን ማየት የቆየ ምኞቴ ነበር። ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት የጠበቀው፣ ጓሳ የሚባለው ሣር እስኪደርስ ለዓመታት እየተዘጋ የሚከፈት፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ከፍታ ነው። መንገዱ ከአራት ሰዓት ይበልጣል፤ እሱንም እችለው ነበር። ሆኖም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ግጭት ስላለ፣ ዘመዶቼ ልጅ ይዘህ አትሂድ አሉኝ፤ እኔም ተቀበልኩ። ወንጪ ደግሞ ውብ ነው፤ ከእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛው ሐይቅ፣ በደሴቱ ላይ ያለው የቂርቆስ ገዳም፣ በዳገቱ የተደረደረው እንሰት አንድ ሙሉ ቀን ያስኬዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክትም ለምቷል። ለእግር ጉዞ እመርጠዋለሁ፤ ብቻዬን ልሁን ለሚል ሰው ግን ሌላ ቦታ አመለክታለሁ። የትም ቢሆን በምትወጡበት ዋዜማ የአካባቢውን ሁኔታ እዚያው ለሚኖር ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።

አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እስከ አዳማ ፈጣን መንገድ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ከጅቡቲ ጭነት መኪናዎች ጋር እየተጋፉ፣ መተሐራ ላይ እየሰፋ መንገዱን የተጠጋውን የበሰቃን ሐይቅ አልፎ ይደረሳል። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ ተራራ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ለወራት ስላስጨነቀ ቀድሜ ደውዬ ነበር። በር ላይ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬን አሳይቼ የአገር ሰው ዋጋ ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ተቀበልኩ። መሣሪያ የያዘ የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውት የሚሉት፣ ተመደበልን። አንዳንድ ከውጭ የሚመጡ ወገኖቼ ስካውቱን እንደ ተጨማሪ ወጪ ያዩታል። እኔ ያለ እሱ አንዲት ሌሊት አላድርም።

ድንኳናችንን ከኖርዌይ ይዘን መጥተን ስለነበር ከአዋሽ ወንዝ ከፍ ብሎ በግራር ጥላ ሥር ተከልነው። ስካውቱ ሦስት ነገር ነገረን። ከጨለመ በኋላ ወደ ወንዙ አትውረዱ። ምግብ ድንኳን ውስጥ አይደር። ጫማችሁን ሳታራግፉ አታጥልቁ። ማታ እሱ እሳቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ እኛ ተኝተን፣ ከታች አንድ ነገር በረጅሙ ተነፈሰ። የአንጥረኛ ወናፍ ይመስላል፤ ይነፋል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይነፋል። ልጄ ክንዴን ያዘችኝ። «ጉማሬ ነው፣ ውኃው ውስጥ ነው፣ ወደዚህ አይመጣም» አለ ስካውቱ ከውጭ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሰውየው ንቁ መሆኑን ስሰማ እኔም እንቅልፍ ወሰደኝ። ጎሕ ሲቀድ ኢላላ ሳላ ወደሚባለው ሜዳ ወሰደን። ሳላ የሚባሉት የዱር እንስሳት ደረቁ ሣር ውስጥ ቆመው ነበር፤ ቀንዳቸው ቀጥ ያለ፣ ፊታቸው በጥቁርና በነጭ የተሣለ፣ ፀሐይዋ ገና ከኋላቸው የምትወጣ። በመመለሻችን ላይ ዝንጀሮዎች አገኘን። ስካውቱ ለልጄ ጋማ ያለውን የበረሃ ዝንጀሮና የወይራ ቀለም ያለውን ሌላውን ዝርያ እየለየ ካሳያት በኋላ፣ በዚህ ፓርክ ሁለቱ ተዳቅለው ስለሚወልዱ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት እንዳጠኗቸው ነገራት። መጽሐፍ ይዞ ከሚያስረዳ አስተማሪ የማያንስ ሰው ነው። ከእኛ በኩል የጎደለው የወባ አጎበር ነበር፤ ቆላ መሆኑን እያወቅሁ ረስቼው መጣሁ። እናንተ አትርሱ።

ሱባ በመጨረሻ መጣ፤ ለከተማው ደግሞ የቀረበው እሱ ነው። የመናገሻ ሱባ ደን ከአዲስ አበባ በሰበታ በኩል 45 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ መጨረሻው አስቸጋሪ ጥርጊያ መንገድ ነው። ደኑ 3,385 ሜትር ከፍታ ያለውን የወጨጫን ተራራ ጎን ይዞ ይወጣል። እንደሚነገረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጽድ ዘር በሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው አስተክለውታል። በዚያ ዕድሜ የማያፍር ጽድ አለ፤ አራት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው አንዱን ግንድ ማቀፍ አልቻሉም። አራት ያልኩት የእህቴ ሦስት ልጆች አብረውን ስለወጡ ነው። አምስት ሰው ስለሆንን ከከተማ አንድ ትልቅ ድንኳን ተከራየን።

ድንኳኑን ተረክቤ ሳልዘረጋ ወደ መኪና መጫኔ ዋጋ አስከፈለኝ። ሱባ ደርሰን ስንፈታው አሥራ አራት ካስማ ለሚያስፈልገው ድንኳን ስምንት ብቻ ነበረው፤ አንደኛው ዘንግ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተጠቅልሏል፤ የበሩ ዚፕ ግማሽ ላይ ቆሟል። ሰዓቱ አሥራ አንድ ተኩል ሆኗል፣ ከዛፎቹ ሥር እየጨለመ ነው። የደኑ ጥበቃ ሽማግሌ ናቸው፤ በሩ ላይ ከተገናኘን ጀምሮ አባባ እላቸው ነበር። ድንኳኑን ዞረው አዩት፣ ምንም አላሉም፣ ወደ ጫካው ገቡ። ተመልሰው ሲመጡ የወደቀ የጽድ ቅርንጫፍ ይዘዋል። ግንድ ላይ ተቀምጠው በገጀራ ይጠርቡ ጀመር፤ አንዱን ጫፍ አሾሉ፣ ሌላው ጫፍ ላይ አውታሩ እንዳይንሸራተት ጥርስ አበጁለት። ፍቅፋቂው ቀላ ያለ ነው፣ ሽታው እርሳስ ሲቀረጽ እንደሚሸተው ነው። ልጄ አጠገባቸው ቁጭ ብላ እያየች ስድስተኛውን ራሷ እንድትጠርብ ጠየቀች። «እጅሽን ከፊቱ አንሺ እንጂ ጥረቢ፣ ልጄ» ብለው ገጀራውን ሰጧት። የተሰነጠቀውን ዘንግ በቀጭን እንጨት ደግፈው በገመድ አሠሩት። ድንኳኑ ቆመ።

ቦታውን የመረጡልንም እሳቸው ናቸው። እኔ መኪናው አጠገብ ያለውን ሜዳ አይቼ ነበር፤ እሳቸው ሩብ ሰዓት አስኬደው ወደ አንዲት ጠባብ ገላጣ ወሰዱን። «እዚያ ከብት ያልፍበታል፤ እዚህ ግን ድኩላ እንጂ ሌላ አይመጣባችሁም» አሉ። ከምንጩ የት እንደምንቀዳ አሳዩን። ማገዶ ከቆመ ዛፍ አይቆረጥም፤ የወደቀውንም ቢሆን እሳቸው ባሳዩት የቀድሞ አመድ ላይ ብቻ ነው የሚነደው። እኛ ቡታጋዝ ስለነበረን እሳት ሳናነድ አደርን፤ በዚህ ደስ እንዳላቸው ፊታቸው ላይ ያስታውቅ ነበር። ብርዱ ጠንካራ ነው። ሁለት ብርድ ልብስ ለአንድ ሰው አይበዛም፤ ከመሬቱ የሚመጣውን ቅዝቃዜ የሚከለክል ፍራሽ ወይም ወፍራም ሸራ ከሌለ ደግሞ ብርድ ልብሱም አያድንም። ድንኳን የማይፈልግ ደኑ ውስጥ ያለውን የእንግዳ ማረፊያ ይጠይቅ።

ሊነጋጋ ሲል ከራሳችን በላይ ሞተር እንደሚነሣ ያለ ድምፅ ተንጎራጎረ፤ ከማዶው ሸለቆ ሌላው መለሰ፣ ከዚያ ሌላ። ጉሬዛዎች ናቸው። አምስታችንም ጭንቅላታችንን በተበላሸው ዚፕ በኩል አውጥተን አየናቸው፦ ነጭ ጅራታቸው እንደ ጥጥ ተንጠልጥሎ፣ ከዝግባ ወደ ዝግባ እየዘለሉ፣ ጤዛውን እላያችን ላይ እያራገፉ። ልጄ ከጉማሬው ይልቅ ይህን እንደምትወድ ነገረችኝ።

ለደኑ መግቢያና ለማደሪያው በር ላይ በደረሰኝ ከፍለናል። ለአባባ ምስጋናዬን ለብቻ፣ በእጃቸው፣ ስንሰናበት ሰጠሁ፤ እንዲህ ያለውን ከመነሻው ቃል አስገብቶ ከመስጠት ይልቅ በስንብት መስጠት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ድንኳኑን ስንነቅል ልጄ ስድስቱን የጽድ ካስማዎች ለብቻ አስቀመጠች፤ ይዛቸው ልትሄድ ፈልጋ ነበር። አባባ አንዱን ብቻ፣ የጠረበችውን፣ ሰጧት። አምስቱን ጭቃቸውን በሣር ጠርገው በገመድ አሥረው በጥበቃ ቤቱ በር ጀርባ ምስማር ላይ ሰቀሏቸው። ካስማ ጎድሎባችሁ ሱባ ከደረሳችሁ እዚያ ጠይቁ።