ስኮፍ፦ አምስቱ ጥያቄ የት ድረስ ይወስዳል?

ስኮፍ በ1999 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የወጣ የአመጋገብ ሕመም መጠይቅ ነው። ጥያቄዎቹ አምስት ናቸው፦ ተጠያቂዋ ጠግባ ሲጨንቃት ሆን ብላ ታስመልሳለች? የምትበላውን መጠን መቆጣጠር አቅቷታል? በ3 ወር ውስጥ ከ6 ኪሎ በላይ ቀንሳለች? ሰው «ከስተሻል» እያላት እሷ «ወፍሬያለሁ» ትላለች? ሐሳቧ ሁሉ ምግብ ሆኗል? ሁለት «አዎ» ከተገኘ አኖሬክሲያ (መወፈርን ፈርቶ ራስን ማስራብ) ወይም ቡሊሚያ (ከልክ በላይ በልቶ፣ እንዳይወፍሩ ማስመለስ) ይጠረጠራል።

ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል፣ ወጪ የለውም። በመጀመሪያው ጥናት ከ116 ታማሚ ሴቶች አንዷም አላመለጠችውም፤ ከ96ቱ ጤነኞች ግን 12ቱን አላግባብ ጠርጥሯል።

ትልቁ ድክመቱ እዚህ ላይ ነው፦ የተነጻጸረው ከጤነኞች ጋር ነው፤ ክሊኒክ የሚመጣው ግን የታመመ ሰው ነው። ክሮንስ የሚባለው የአንጀት ሕመም አንጀቱን ያቆሰለው ሰው ይከሳል፤ በበላ ቁጥር ስለሚያመው ሐሳቡ ሁሉ ምግብ ላይ ነው። ሁለት «አዎ» ሞላ። ታይሮይድ ዕጢዋ ከልክ በላይ የሚሠራባት ሴትም ያለማቋረጥ እየበላች ትከሳለች፤ እሷም ሁለት ትመልሳለች።

ስለዚህ ከወረቀቱ ጎን የልብ ምት ቁጠሩ። በረሃብ የከሳ ሰው ምቱ ይዘገያል፣ እጁ ይቀዘቅዛል፤ በታይሮይድ የከሳው ምቱ ይፈጥናል፣ ሙቀት አይችልም። በደም ውስጥ ያለው የፖታሲየም ማዕድን መጠንም ብዙ ይናገራል፦ ራስን ማስመለስ ዝቅ ያደርገዋል፤ ማቅለሽለሽና ክሳት የሚያመጣው የአድሬናል ዕጢ (ከኩላሊት በላይ ያለው) ድክመት ግን ከፍ ያደርገዋል፣ ቆዳንም ያጠቁራል። በአኖሬክሲያ ኢኤስአር (የሰውነትን ብግነት የሚጠቁም የደም ምርመራ) አብዛኛውን ጊዜ አይጨምርም። ከፍ ካለ ክሮንስን፣ ቲቢን ፈልጉ፤ በተለይ ሳልና የሌሊት ላብ ካለ። ውኃ እንኳ ጉሮሮዋ ላይ የሚቆምባት፣ ሌሊት ተኝታ ያልተፈጨ ምግብ የሚመለስባት ሴት ቡሊሚያ ሳይሆን የምግብ ቧንቧ ሕመም ሊኖርባት ስለሚችል የባሪየም ራጅ (ባሪየም የተባለ ፈሳሽ ተውጦ የሚነሳ) ያስፈልጋታል።

የተገላቢጦሹ ስሕተት ይበልጥ ያስፈራናል። ክፉኛ የከሳች የአኖሬክሲያ ታማሚ የደም ውጤቷ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ «ላብራቶሪው ደህና ነው» ብሎ መሸኘት አደገኛ ነው። በእኛ አገር ደግሞ «ጾም ላይ ነኝ» የሚለው መልስ ብዙ ይሸፍናል፤ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ምን እንደበላች ጠይቁ።

መጠይቁ ለመጀመሪያ ጥርጣሬ ይጠቅማል፤ ለውሳኔ አይበቃም። በመርፌ የምትታከም የስኳር ታማሚ ለመክሳት ብላ ኢንሱሊን ትዘል እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር የለውም። ስኳሯ በየጊዜው ከፍ እያለ ክብደቷ ከቀነሰ ይህን ጥያቄ ስድስተኛ አድርጋችሁ ጨምሩት፤ ስትጠይቁም ወላጆቿ በሌሉበት ይሁን።