ሲስታር ኤስ50 ቴሌስኮፕ ኦሜጋ ሴንታውሪን ሲያነሳ

ሲስታር ኤስ50 የሌንሱ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር፣ የትኩረት ርዝመቱ 250 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ካሜራውን በሆዱ የያዘና በስልክ የሚታዘዝ አነስተኛ ቴሌስኮፕ ነው። ክብደቱ 2.5 ኪሎ ግራም ስለሆነ በጀርባ ቦርሳ ተይዞ ይሄዳል። እኔ የመዘንኩት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለውን ታላቅ ሉላዊ የከዋክብት ክምችት ምን ያህል አጥርቶ ያነሳል?

17,000 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ 10 ሚሊዮን ገደማ ከዋክብትን ያቀፈው ይህ ክምችት ለለንደን ሰው ከአድማስ በላይ ፈጽሞ አይወጣም፤ በእኛ ሰማይ ግን በግንቦት መግቢያ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ በደቡብ በኩል 34 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። ከእንጦጦ ሆኖ ወደ ደቡብ የሚያይ ሰው የአዲስ አበባ መብራት ፊት ለፊት ስለሚገጥመው፣ ከተማውን ከኋላዬ ለማድረግ ቡታጅራን አልፌ ሄድኩ።

መሣሪያውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሜ በአፑ ላይ ስሙን ስመርጥ ቦታውን ራሱ ፈልጎ አገኘው። የመጀመሪያው የ10 ሴኮንድ ፎቶ ስልኬ ላይ ሲወጣ የታየኝ ጥቂት ከዋክብት ጣል ጣል ያሉበት ጭጋግ የመሰለ ክብ ነበር። ቀጣዮቹ እየተደራረቡ ሲሄዱ ግን ዳር ዳሩ እንደተዘራ ጤፍ ወደ ነጠላ ከዋክብት ተፈታ፤ 40 ደቂቃ ሲሞላ ምስሉን በሁለት ጣቴ አስፍቼ ብመለከት ቀያይ ግዙፍ ከዋክብት ብርቱካናማ ቀለማቸውን ይዘው ከነጮቹ መካከል ተለይተው ወጥተዋል። በዚህ መጠን ላለ መሣሪያ ይህ በእውነት የሚያስደንቅ ነው።

አብሮት ያለው የብርሃን ብክለት ማጣሪያ የተሠራው ለጋዝ ደመናዎች በመሆኑ የከዋክብትን ብርሃን አብዛኛውን ቆርጦ ያስቀራል፤ ስለዚህ መጥፋቱን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የፎቶውን ጊዜ ወደ 30 ሴኮንድ ማሳደግም እዚህ ላይ አይጠቅምም፤ መካከሉ በብርሃን ይሞላና ከዋክብቱ ይዋሃዳሉ። ቴሌስኮፑ ሰማዩን የሚከተለው ወደ ጎንና ወደ ላይ በመንቀሳቀስ ስለሆነ በ40 ደቂቃ ውስጥ ምስሉ 12 ዲግሪ ያህል ይዞራል፤ ማዕዘኖቹ ይጎዳሉ እንጂ መሀል ላይ ያለው ክምችት አይነካም።

ምስሉ 1,080 በ1,920 ፒክስል ነው። ኦሜጋ ሴንታውሪ ከሙሉ ጨረቃ ሰፋ ስለሚል 900 ፒክስል ያህሉን ይሞላል፤ ሜሲየር 13 የተባለው ሌላው ሉላዊ ክምችት ግን 500 ያህል ብቻ ስለሚይዝ መካከሉ ሳይፈታ ይቀራል። ለእርሱ ቢያንስ 150 ሚሊ ሜትር መስታወት ያለው ቴሌስኮፕ እመርጣለሁ። ለኦሜጋ ሴንታውሪ ግን በሚመጣው ግንቦትም ይዤ የምሄደው ይህንኑ ነው።