ጂፓክ፦ የአካል እንቅስቃሴን የምንለካበት መጠይቅ ሲፈተሽ

በጤና ትምህርትና በጤና ማበልጸግ ዘርፍ የሚያስተምርና የሚያጠና ሰው የአካል እንቅስቃሴን መለካት ሲያስፈልገው፣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ እጁ የሚገባው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና በአጭሩ ጂፓክ (GPAQ፣ ዓለም አቀፍ የአካል እንቅስቃሴ መጠይቅ) የሚባለው ነው። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ሳማክር የቆየሁት በዚሁ ስለሆነ፣ ጥቅሙም ጉድለቱም በግልጽ ሊነገር ይገባል ብዬ አምናለሁ።

መጠይቁ በነጻ የሚገኝ ሲሆን 16 ጥያቄዎች ብቻ አሉት። በሥራ ላይ፣ በጉዞ እና በትርፍ ጊዜ የሚደረገውን እንቅስቃሴ ለየብቻ ይጠይቅና በመጨረሻ ተቀምጠን የምናሳልፈውን ጊዜ ይመዘግባል። ትልቁ ብልጫው እርሻንና የቤት ውስጥ ሥራን ከሥራ መቁጠሩ ነው፤ ስለ ስፖርት ብቻ ቢጠይቅ ኖሮ አብዛኛው የገጠር ነዋሪያችን እንቅስቃሴ እንደሌለው ተደርጎ ይመዘገብ ነበር። በየቀኑ 30 ደቂቃ ውኃ የምትቀዳ ሴት ሥራዋ መካከለኛ ተብሎ ቢመደብ፣ ደቂቃው በ4 ሜት (ሜት እንቅስቃሴው ከዕረፍት ጋር ሲነጻጸር ስንት እጥፍ ኃይል እንደሚጠይቅ የሚያሳይ መለኪያ ነው) ተባዝቶ በሳምንት 840 ሜት-ደቂቃ ይደርሳል፤ የሚፈለገው ሳምንታዊ ዝቅተኛ መጠን ደግሞ 600 ነው።

ይህ ብልጫ ግን ያለ ሠለጠነ ጠያቂ አይገኝም። መረጃ ሰብሳቢው «በሥራዎ ላይ ትንፋሽዎን በጣም የሚያፋጥን ከባድ ነገር ይሠራሉ?» ሲል፣ ሙሉ ጀሪካን ከጀርባዋ ያወረደች እናት «ምን ሥራ አለኝ ልጄ፣ ቤት ነው የምውለው» ብላ ትመልሳለች። ጠያቂው የቤት ውስጥ ሥራም እንደ ሥራ እንደሚቆጠር የሚያስረዳውን መግቢያ ዘሎ ከሆነ ምላሹ ዜሮ ሆኖ ይገባል። ስለዚህ የመግቢያው ማብራሪያ ቃል በቃል መነበብ፣ የእንቅስቃሴ ምሳሌ የሚያሳዩት የሥዕል ካርዶችም በአካባቢው ሥራ ሥዕሎች መተካት አለባቸው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ «በተለመደ ሳምንት» የሚለው ጥያቄ ነው። በብዙ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ገበሬዎች ዘንድ የእርሻ ዕረፍት ከሰንበት ሌላ ወርን ተከትሎ የሚመጣ ነው፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ በሬ አይጠመድም። በዚያ ላይ ሰኔና ጥር በጉልበት ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ገበሬው የትኛውን ሳምንት ይንገረን? ተማሪዎቼ የቃለ መጠይቁን ወርና ወቅቱን በጽሑፋቸው ውስጥ በግልጽ እንዲያሰፍሩ የምጠይቀው ለዚህ ነው።

ሌላው ጉድለት ዕድሜው ያመጣው ነው። መጠይቁ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ የተደረገን እንቅስቃሴ ብቻ ይቆጥራል፤ ድርጅቱ ራሱ ግን በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ይህን የ10 ደቂቃ ገደብ አንሥቶታል። ያው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠናክር እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ጂፓክ ስለዚህ ጉዳይ ለብቻው የሚጠይቀው ነገር የለም።

አስተማማኝነቱን በተመለከተ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ9 አገሮች የተካሄደውና በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት የመልሶችን ወጥነት ጥሩ ሆኖ ሲያገኘው፣ በሰውነት ላይ ከሚታሰሩ መለኪያዎች ጋር ያለውን ስምምነት ግን ደካማ ብሎታል። በመሆኑም ለሕዝብ አቀፍ ቅኝት፣ ለምሳሌ በ2015 እ.ኤ.አ. በአገራችን ለተካሄደው ዓይነት የዳሰሳ ጥናት፣ ያለማመንታት እመርጠዋለሁ። የእግር ጉዞ ፕሮግራም አዘጋጅቶ በጥቂት ሰዎች ላይ ያመጣውን ለውጥ መለካት ለሚፈልግ ተመራማሪ ግን ብቻውን አይበቃውም፤ ከዩኒቨርሲቲው አክሰለሮሜትር (በሰውነት ላይ ታስሮ እንቅስቃሴን የሚመዘግብ መሣሪያ) መዋስ ባይችል እንኳ፣ ቢያንስ ርካሽ የእርምጃ መቁጠሪያ አብሮ ይጠቀም።