የሜሪላንድ የሽጉጥ ፈቃድ፦ አገልግሎቱ እንዴት ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ሌላ የሜሪላንድ ከተማ የሚኖር ሰው፣ ሽጉጥ ለመግዛት ሱቅ ከመሄዱ በፊት የግዛቱ ፖሊስ የሚሰጠውን የብቃት ፈቃድ ማውጣት አለበት። ዕድሜ ከ21 ዓመት ጀምሮ፣ ክፍያው 50 ዶላር፣ የሚያገለግለው 10 ዓመት። ማመልከቻው በኢንተርኔት ስለሆነ ሰልፍ የለም።

የሚያደናቅፈው አሻራው ነው። ለሥራ ቅጥር የሰጣችሁት አሻራ አይሠራም፤ ለዚሁ ፈቃድ ተብሎ እንደገና በዲጂታል ማሽን ይነሳል። የፈቃዱ መለያ ቁጥር በትክክል መግባቱን ደረሰኙ ላይ ሳታዩ አትውጡ። ቁጥሩ ከተሳሳተ ማመልከቻው ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ሥልጠናው ቢያንስ 4 ሰዓት ነው፦ ሕጉ፣ የቤት ውስጥ አያያዝ፣ የሽጉጡ አሠራር፣ በመጨረሻም የእውነተኛ ጥይት ተኩስ። ሕጉ የሚጠይቀው ዝቅተኛው አንድ ጥይት ነው። አንድ ብቻ! ጀማሪ በዚህ ምን ይማራል? ቢያንስ አንድ ፓኬት፣ 50 ጥይት የሚያስተኩስ አሠልጣኝ ፈልጉ።

ፈቃዱ ከመጣ በኋላ ሱቁ ውስጥ የግዢ ማመልከቻ ተሞልቶ 7 ቀን ይጠበቃል። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል፤ በተማሪ ወይም በጉብኝት ቪዛ ያለ ግን በአብዛኛው አይችልም። ማሪዋና በግዛቱ ከ2023 ጀምሮ ቢፈቀድም ሲገዛ የሚሞላው የፌዴራል ቅጽ ስለ ተጠቃሚነት ይጠይቃል፤ ዋሽቶ መፈረም ራሱ ወንጀል ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ይህ ፈቃድ ለመግዛት እንጂ ለመታጠቅ አይደለም። ሽጉጥ ወገብ ላይ አድርጎ ለመውጣት የ16 ሰዓት ሥልጠና ያለው ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል።