ስለ «ግራና ቀኝ» ንግድ ለሰሜን ሸዋ ወገኖቼ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢት፣ በመሐል ሜዳና በሌሎችም የዞናችን ከተሞች ለምትኖሩ፣ በተለይም «ጥሩ ሥራ ስላለ ቶሎ ና፤ ዝርዝሩ በስልክ አይነገርም» የሚል ጥሪ ለደረሳችሁ ወጣቶችና ለወላጆቻችሁ ይህን ጽፌያለሁ። «ግራና ቀኝ» ወይም ኔትወርክ ማርኬቲንግ የሚባለው፣ ለመግቢያ ዕቃ ገዝቶ ከሥር ሌሎች ገዢዎችን በማስገባት ኮሚሽን ይገኝበታል የሚባለው ሥራ፣ የድርጅቱን ስም እየቀያየረ ስለሚመጣ፣ ገንዘቡ ከማን ኪስ ወጥቶ ወደ ማን እንደሚገባ ማሳየቱ ስም ከመዘርዘር ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

አስረጂው ብዙውን ጊዜ ነጭ ወረቀት ያወጣና ከላይ አንድ ክብ ሠርቶ የእንግዳውን ስም ይጽፍበታል፤ ከሥሩ በግራና በቀኝ ሁለት ክቦች፣ ከእነርሱም ሥር አራት ይጨምራል። «ሁለት ሰው ብቻ ማስገባት ያቅትሃል?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚያቅት አይመስልም። ሆኖም ሁለቱን ክቦች 1ኛ ረድፍ ብለን በዚሁ አካሄድ ስንወርድ 8ኛው ረድፍ 256፣ 12ኛው 4,096፣ 16ኛው ደግሞ 65,536 ሰው ይፈልጋል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የደብረ ብርሃን ነዋሪ፣ ሕፃን አዛውንት ሳይለይ፣ 65,231 ነበር። ከተማዋ ከዚያ ወዲህ ብታድግም ዕድገቷ የሚሸፍነው ቢበዛ አንድ ሁለት ረድፍ ነው። ከሁሉ የሚከፋው፣ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሰው አስገብቶ ሰንሰለቱ በየትኛውም ረድፍ ላይ ቢቆም፣ ከገቡት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የመጨረሻው ረድፍ ላይ መገኘታቸው ነው፤ ከሥራቸው ሰው ስለሌለም የከፈሉት አይመለስላቸውም። እነዚህን ሰዎች «ያልተሳካላችሁ ስላልጠነከራችሁ ነው» ብሎ ማሸማቀቅ ትልቅ በደል ነው፤ የሒሳቡ አሠራር ራሱ ከመነሻው ከሳሪ አድርጓቸዋልና።

ኮሚሽኑን ደግሞ በምሳሌ እንመልከተው። መግቢያው ዕቃ 20,000 ብር ነው፣ አንድ ሰው በግራ አንድ ሰው በቀኝ በገባ ቁጥርም 2,000 ብር ይከፈላል እንበል። የከፈሉትን 20,000 ብር ለማስመለስ ብቻ ከሥርዎ 20 ሰዎች፣ 10 በግራ 10 በቀኝ ሆነው፣ መግባት አለባቸው። እነዚያ 20 ሰዎች በድምሩ 400,000 ብር ከፍለዋል ማለት ነው፤ እነማን ናቸው ቢባል የአክስት ልጅ፣ የሰፈር ጓደኛ፣ አብሮ የሚያስቀድስ ወዳጅ ናቸው። በዚህ ላይ በቀኝ 10 ሰው ኖሮ በግራ 2 ብቻ ቢገኙ ክፍያው የሚታሰበው በሚያንሰው ወገን ነው። በብዙዎቹ ዘንድ በየወሩ ዕቃ እየገዙ «አክቲቭ» ማለትም ንቁ አባል ሆኖ መቆየት ግዴታ ስለሆነ፣ ኮሚሽን ሳይመጣ ወጪው ይቀጥላል። ከመንዝ በግ ተሸጦ፣ ከቀወት የማሾ ምርት ተሸጦ የመጣ ገንዘብ በዚህ መንገድ ሲያልቅ ማየት ያሳዝናል።

«ይህ እኮ እንደ እቁብ ነው» የሚለው ማሳመኛ በአካባቢያችን ብዙ ሰው ስለሚያታልል በተለይ ልብ በሉት። በእቁብ አባሉ ይታወቃል፣ ዳኛና ጸሐፊ አለ፣ ቀድሞ የወሰደ ዋስ ያቀርባል፣ ዙሩ ሲያልቅም እያንዳንዱ የጣለውን ያህል አግኝቷል። እዚህ ግን ገንዘቡ ወደ ላይ ይሄዳል እንጂ ዞሮ አይመለስም፤ ዋስ የሚሆንም የለም።

ዕቃን ከቤት ቤት እየዞሩ መሸጥ በራሱ ነውር የለበትም። መለያው ትርፉ ከየት ይመጣል የሚለው ነው፤ ኮሚሽን የማያስብ ጎረቤት ያንን ዕቃ በዚያ ዋጋ ከሱቅ ይገዛዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዕቃ የገዛ ወይም ገንዘብ ያዋጣ ሸማች ሌሎችን ባስገባ ቁጥር ተጨማሪ ጥቅም ያገኛል እየተባለ የሚካሄደውን የፒራሚድ ሽያጭ ከልክሏል። ስለዚህ «የንግድ ፈቃድ አለን» የሚለው መልስ በቂ አይደለም፤ ዕቃ ለማስመጣት የተሰጠ ፈቃድ ሰው በሰው ላይ እየደረደሩ ገንዘብ ለመሰብሰብ አያገለግልም። ዕቃው ስኳርንና ደም ግፊትን ይፈውሳል ከተባለ ደግሞ፣ ማንም የሐኪም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ አደራ እላለሁ።

ቀድማችሁ የገባችሁ ካላችሁ፣ የከፈላችሁትን ለማስመለስ ብላችሁ ሌላ ሰው አታስገቡ፤ ተጨማሪ ዕቃም አትግዙ። ደረሰኙን፣ የባንክ ማስተላለፊያውንና በቴሌግራም የተላከላችሁን የገቢ ተስፋ ሳይጠፋ ጠብቁ፤ በአንድ ሰው በኩል የገባችሁ ካላችሁም ተሰባስባችሁ፣ ቀኑንና የከፈላችሁትን መጠን በጽሑፍ ዘርዝራችሁ፣ ለወረዳችሁ ወይም ለከተማችሁ የንግድ ጽሕፈት ቤት እና ለፖሊስ አመልክቱ፤ ማመልከቻውን ስታስገቡም ቅጂው ላይ የተቀበለበትን ቀንና ማኅተም አስደርጉበት።