ኮስታሪካ ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ «በቀን 9 ዶላር» የምትለዋን መኪና ተጠንቀቁ

እኔ ተበልቻለሁ። እናንተ እንዳትበሉ ነው ይህን የምጽፈው።

የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ጃንዋሪ እዚህ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሌሊት ሥራ ወጥቼ የመኪናዬን መስታወት በረዶ ስፍቅ፣ ጣቶቼ የእኔ መሆናቸውን እስክጠራጠር ድረስ ይደነዝዛሉ። ዘንድሮ በቃኝ አልኩ። ጥምቀት እንዳለፈ ለአንድ ሳምንት ብቻዬን ሄጄ፣ ስልኬን ዘግቼ፣ ባሕርና ዛፍ እያየሁ ላርፍ ወሰንኩ። «ብቻሽን? ምን ሆነሽ ነው?» ያላለኝ ሰው የለም። የአክስቴ ልጅማ የታመምኩ መስሏት ሾርባ ይዛ መጣች።

ኮስታሪካን የመረጥኩት በአየሩ ነው። በፓስፊክ በኩል ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል በጋቸው ነው። በካሪቢያን በኩል ግን በዚሁ ወቅት ደህና አድርጎ ሊዘንብ ይችላል። ማስታወቂያዎቹ ሁለቱን ዳርቻ አይለዩም፤ «ፀሐያማዋ ኮስታሪካ» ብለው ያልፋሉ። ቦታ ከመያዛችሁ በፊት ሆቴሉ በየትኛው በኩል እንዳለ ካርታ ላይ እዩ።

የጉዞ ጥቅሉን የገዛሁት ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ ነው። በክሬዲት ካርዴ ባንክ በኩል የጀመርኩት አቤቱታ ስላላለቀ ስሙን አልጠራም። «ብቻቸውን ለሚጓዙ የተዘጋጀ የተፈጥሮ እረፍት» ይላል። 6 ሌሊት ከነቁርሱ 640 ዶላር። ደስ አለኝ፤ ከፈልኩ። ደረሰኙ ሲመጣ 960 ይላል። ለካ 640 ዶላሩ ለአንድ ሰው የሚሆነው ሁለት ሰው አንድ ክፍል ሲጋራ ነው። ብቻውን የሚተኛ 320 ይጨምራል። ይህ የተጻፈው በመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ ከጤፍ ባነሰ ፊደል ነበር። ብቻውን የሚተኛ ሰው ጨምሮ መክፈሉ በጉዞ ንግድ የተለመደ ነው፤ እሱን አልቃወምም። «ብቻቸውን ለሚጓዙ» ብሎ ያስተዋወቀው ግን ራሱ ነው እኮ!

እዚያው ገጽ ላይ ሌላ ማባበያ ነበረች። የኪራይ መኪና፣ በቀን 9 ዶላር። ለ7 ቀን 63 ዶላር መሆኑ ነው። እዚህ ለአንድ ቀን ፓርኪንግ የምከፍለውን ሳስብ ነጻ መሰለችኝ። ሳላቅማማ ያዝኳት።

የዋና ከተማዋ የሳን ሆሴ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው አላሁዌላ በምትባለው ከተማ ነው። ከዚያ በሚኒባስ ወደ መኪና አከራዩ ቢሮ ወሰዱኝ። ካውንተሩ ላይ ጸጉሩን በደንብ ያበጠረ፣ ትሑት ልጅ ተቀምጧል። የመኪና ሥዕል ያለበት ወረቀት ፊቴ ዘረጋና እስክሪብቶውን ከፈተ።

«ኢንሹራንሱ የትኛው ይሁንልዎ?» አለኝ።

«አልፈልግም፣ ክሬዲት ካርዴ ይሸፍናል» አልኩ በኩራት። ይህን ከዩቲዩብ ተምሬ ነበር።

ፈገግ አለ። ይህን ዓረፍተ ነገር በቀን ሃያ ጊዜ እንደሚሰማ ፈገግታው ይናገራል። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ኢንሹራንሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የሦስተኛ ወገን ነው፤ ሰው ብትገጪ፣ የሰው ንብረት ብታጠፊ የሚከፍል። እሱ በአገሩ ሕግ ግዴታ ነው፣ ከአከራዩ ነው የሚገዛው፣ የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ አይተካውም። ለዚህ ብቻ በቀን 18 ዶላር። እንደ እውነቱ ከሆነ ይህንን መገመት ነበረብኝ። እኛም አገር የሦስተኛ ወገን የሌለው መኪና መንገድ አይወጣም። ግን 9 ዶላር ያየ ዓይን ሌላ ነገር አያይም።

ሁለተኛው መኪናዋ ራሷ ብትጎዳ የሚከፍለው ነው። ይህኛው ግዴታ አይደለም፤ ካርዴም በእርግጥ ይሸፍነዋል። «እንግዲያው ከባንክዎ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ያሳዩኝ፣ ደግሞም 3,000 ዶላር መያዣ ካርዱ ላይ እንይዛለን» አለ። ደብዳቤ የለኝም። ካርዴ ላይ የቀረኝ ደግሞ 2,400 ነው። የእነሱን ከገዛሁ መያዣው ወደ 1,000 ይወርዳል። በቀን 17 ዶላር።

ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ሻንጣዬ እግሬ ሥር ነው። ስፓኒሽ አልችልም። ሌላ ምን አማራጭ እንዳለኝ አላውቅም፤ ልጁም እንደማላውቅ ያውቃል። ፈረምኩ። የመኪናዋ 63፣ የሦስተኛ ወገን 126፣ የጉዳቱ 119፤ 13 በመቶ ታክስ ሲጨመርበት 348 ዶላር። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ልጁን አልወቅሰውም። የጠየቀኝን ሁሉ አስቀድሞ በግልጽ አስረድቶ ነው የጠየቀኝ። የዋሸኝ ያ ገጽ ነው። ያለ ግዴታው ኢንሹራንስ መኪናዋ ከግቢው ንቅንቅ እንደማትል እያወቀ፣ 9 ዶላር ብሎ የሸጠልኝ እሱ ነው።

ስለዚህ መኪና የምትከራዩ ከሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ለአከራዩ በቀጥታ ኢሜይል ጻፉለት። የሦስተኛ ወገኑም ታክሱም ተጨምሮ ጠቅላላው ስንት ነው? መያዣውስ ስንት ነው? መልሱን በጽሁፍ ያዙ። መልስ ካልሰጡ እሱም መልስ ነው። በካርዳችሁ ሽፋን የምትተማመኑ ከሆነ ደብዳቤውን ከባንክ አስቀድማችሁ አውጡ፣ ካርዱም የመያዣውን ያህል ክፍት ቦታ ይኑረው። በዴቢት ካርድ ብቻ ተማምናችሁ አትሂዱ።

መኪናዋን ስትረከቡ ደግሞ በቪዲዮ ቅረጹ። እኔ ጎማውን፣ ጣሪያውን፣ የባምፐሩን ሥር ሳይቀር ቀርጬ ነበር። ልመልሳት ስሄድ ሌላ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ የፊት ባምፐሩን ሥር በጣቱ ዳሰሰና «ይህ ጭረት አዲስ ነው» አለ። ስልኬን አውጥቼ አሳየሁት። ጭረቱ እዚያው ነው፣ ቀኑና ሰዓቱም አለ። «ኦኬ» ብሎ ሄደ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ።

በፓስፊክ ዳር ወዳለው የማኑኤል አንቶኒዮ ብሔራዊ ፓርክ የሚወስደው መንገድ ጥሩ ነው፤ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። መሐል ላይ ታርኮሌስ የሚባል ወንዝ አለ፣ ሰው ድልድዩ ላይ ቆሞ ከታች የተጋደሙትን አዞዎች ያያል። እናንተም እዩ፤ ሻንጣችሁን መኪና ውስጥ ትታችሁ ግን አትውረዱ። አዞው ላይ ስታፈጡ መኪናችሁ ላይ የሚያፈጥ ሌላ ሰው አለ።

ሁለተኛው ወጥመድ የጠበቀኝ ፓርኩ በር ልደርስ ስል ነው። ካኪ ሸሚዝ የለበሰ፣ አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ሰው ፊሽካ እየነፋ መሐል መንገድ ገባ። ፖሊስ መሰለኝ፣ ቆምኩ። «ከዚህ በላይ መኪና አያልፍም፣ የፓርኩ ማቆሚያ ይህ ነው፣ 20 ዶላር» አለኝ። ከፈልኩ። ከዚያ «ትኬት አለዎት? የለዎትም? እኔ ጋ አለ» ማለት ጀመረ። እዚህ ላይ ነቃሁ። የማኑኤል አንቶኒዮ ትኬት በር ላይም መንገድ ላይም አይሸጥም። የሚሸጠው የአገሩ የጥበቃ ቦታዎች መሥሪያ ቤት፣ ሲናክ የሚባለው፣ በድረ ገጹ ብቻ ነው። ለውጭ ዜጋ ከነታክሱ 18 ዶላር ከትንሽ ሳንቲም። እኔም አስቀድሜ ገዝቻለሁ። መኪናዬን አቁሜ በእግሬ ስቀጥል፣ «አያልፍም» ባለኝ መንገድ ላይ መኪናዎች ሽው እያሉ አለፉኝ። ባጁ ላይ የነበረው የራሱ ፎቶና አንድ የዛፍ ሥዕል ብቻ እንደነበር ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

ደግሞ ልብ በሉ፣ ፓርኩ ማክሰኞ ማክሰኞ ዝግ ነው። ያ 960 ዶላር የበላኝ ሻጭ በላከልኝ የጉዞ ዕቅድ ላይ የፓርክ ጉብኝቱን የያዘው መቼ ይመስላችኋል? ማክሰኞ! ትኬቱን በራሴ ስገዛ ማክሰኞን መምረጥ እንደማይቻል ባላይ ኖሮ የተዘጋ በር ሳይ ልውል ነበር።

ውስጡ ግን ያምራል፤ ልዋሽ አልችልም። ስሎዝ የሚሉት፣ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያንቀላፋው እንስሳ ከራሴ በላይ ክንዱን ለመዘርጋት አንድ ደቂቃ ሲፈጅበት አየሁ። ያየሁት ዕረፍት ማለት ያ ነው። ባሕሩ ዳር ደግሞ ፊቷ ነጭ የሆነ ጦጣ የአንዱን ቱሪስት ቦርሳ ዚፕ ከፍታ ስትበረብር ነበር። ጦጣዋ ቢያንስ ፊት ለፊት ነው የምትሰርቀው።

ስመለስ ለክሬዲት ካርዴ ባንክ አቤቱታ አስገባሁ። አሜሪካ ያላችሁ፣ የአከፋፈል ስህተት ካለ ስቴትመንቱ ከተላከላችሁ ጀምሮ 60 ቀን አላችሁ፤ በጽሁፍ አድርጉት። ባንኩ መጀመሪያ የጠየቀኝ የማስታወቂያውን ስክሪንሹት ነው። የለኝም። ገጹን ብከፍተው «ብቻቸውን ለሚጓዙ» የሚለው ቃል ጠፍቷል፣ ዋጋውም ተቀይሯል። ያለኝ ደረሰኙና ያ የማክሰኞ ዕቅድ ብቻ ነው፤ እሱን ልኬያለሁ፣ እየጠበቅኩ ነው። እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት ገጹን ከላይ እስከ ግርጌ አንሱት፤ የጤፏን ጽሁፍ ጨምሮ።

በሚቀጥለው ዓመትም እሄዳለሁ፣ ብቻዬን። ከሳን ሆሴ ኬፖስ እስከምትባለው ከተማ ድረስ የሕዝብ አውቶቡስ አለ፤ ከኬፖስ ፓርኩ አጠገብ የሚያደርስ ሌላ ትንሽ አውቶቡስ። ይህን የነገረችኝ የሆቴሉ ጽዳት ሠራተኛ ናት፣ ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ።